«እማዬ፣ ዜሮ የምትሆኚው መቼ ነው?»

የዚህ ወር ጽሑፌ የተጀመረው ፍሪጃችን በር ላይ ነው። የ11 ዓመቱ ልጄ በማርከር 16 ሳጥኖች አስምሮ፣ በየሳጥኑ ቁጥር ጽፎ፣ ከላይ «እማዬ ዜሮ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ለጠፈው። ያን ሰሞን ለታይሮይድ ሕመሜ ሆስፒታል ሄጄ አንዲት ትንሽ እንክብል ውጬ ነበር የተመለስኩት። እንክብሏ ውስጥ ያለው አዮዲን 131 ይባላል። ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ነው።

አገር ቤት እንቅርት ያለባቸውን ሰዎች እያየን ያደግን ሰዎች የታይሮይድ ዕጢ የት እንዳለች ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ እዚሁ አንገታችን ላይ ከፊት በኩል ናት። ይህች ዕጢ አዮዲን ትወዳለች። ከምግብ የምናገኘውን አዮዲን እየለቀመች የምታጠራቅመው እሷ ናት። በደጋው አገር አፈሩና ውሃው አዮዲን ሲያንሰው የምታብጠውም ለዚሁ ነው። የእኔዋ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ ትሠራለች። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል። ሐኪሞች ታዲያ ይህንኑ የአዮዲን ፍቅሯን ይጠቀሙበታል። ጨረር የሚያወጣውን አዮዲን ሲሰጧት እንደ ልማዷ ለቅማ ትወስደዋለች፤ ጨረሩም ከውስጥ ሆኖ የበዛውን ሥራዋን ያበርደዋል።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለተወሰኑ ቀናት እኔው ራሴ ጨረር የማወጣ ሰው ሆንኩ። የተሰጠኝ ወረቀት «ብቻሽን ተኚ፣ ሽንት ቤት ስትጠቀሚ ሁለት ጊዜ ውሃ ልቀቂ፣ እጅሽን ደጋግመሽ ታጠቢ፣ ትንሿን ልጅሽን ለ14 ቀን አቅፈሽ እንዳትተኚ» የሚል ነው። (ይህን ሕክምና የሚወስድ ሰው ካለ፣ የእኔን ቁጥር አይዋሱ። መጠኑ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የእርስዎ ሐኪም የሰጠዎትን ቀን ይከተሉ።)

የ4 ዓመቷ ልጄ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ «እማዬ ነይ» እያለች ስታለቅስ፣ ትልቁ ደግሞ ሒሳቡን ያዘ። ነርሷ «ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው» ስትል ሰምቷል። ግማሽ ዕድሜ ማለት ካለው ነገር ግማሹ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ልጄም እንዲህ አሰበ፦ በ8 ቀን ግማሹ ካለቀ፣ በሚቀጥለው 8 ቀን ሌላው ግማሽ ያልቃል። ስምንትና ስምንት 16። በ16ኛው ቀን እማዬ ዜሮ!

በሦስተኛው ማታ ግን በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ወረቀቱ 14 ነው የሚለው። ዜሮ የሚሆነው በ16 ነው። ሁለት ቀን ተሳስተው ከሆነስ? እሷ ትንሽ ናት እኮ» አለኝ። ሳጥኖቹን ያሰመረው ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለካ እህቱን እየጠበቀ ኖሯል።

ዕቁብና ዳቦ

የልጄ ስሕተት ሞኝነት አይደለም፤ ብዙ አዋቂ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ሁለት ዓይነት የቁጥር ተርታዎች ተምታተውበት ነው። ሁለቱንም ደግሞ በየቤታችን እናውቃቸዋለን።

የመጀመሪያው የዕቁብ ተርታ ነው። በየሳምንቱ 50 ዶላር ትጥላላችሁ። 50፣ 100፣ 150፣ 200 እያለ ይሄዳል። የሚጨመረው ሁልጊዜ ያው ነው። ወደ ታችም እንደዚሁ ነው፦ ከዘመድ 800 ዶላር ተበድራችሁ በየሳምንቱ 50 ብትመልሱ፣ በ8ኛው ሳምንት ግማሹ ያልቃል፣ በ16ኛው ሳምንት ዕዳው ዜሮ ይሆናል። ትምህርት ቤት ይህን አሪትሜቲክ ሲኩዌንስ ይሉታል። ልጄ የእኔን አዮዲን ያሰላው እንደ ብድር ነው።

ሁለተኛው የድፎ ዳቦ ተርታ ነው። እኛ ቤት ሳህን የሚያጥበው ዳቦውን የጨረሰው ሰው ነው። ስለዚህ ማንም አይጨርስም። ያለፈው ሁሉ ካገኘው ላይ ግማሹን ቆርሶ፣ ግማሹን ትቶ ይሄዳል። ሙሉ የነበረው ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ስምንተኛ፣ ከዚያ አሥራ ስድስተኛ። ማታ ስገባ ሳህኑ ላይ የማገኛት ፍርፋሪ ማንም ያልጨረሳት ግማሽ ናት። እዚህ የሚቆረሰው መጠን በየጊዜው ይለያያል፤ የማይለወጠው ድርሻው ነው። ሁልጊዜ ግማሽ። ይህኛው ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ ይባላል። ጨረር የሚያወጣ ነገር ሁሉ የሚሄደው በዚህ ነው።

ስለዚህ አዲስ ወረቀት አምጥተን ሁለት መስመር ጻፍን። የላይኛው ቀኑ፣ የታችኛው የቀረው አዮዲን ነው፤ መነሻውን 100 ብለን፦

ቀን፦ 0፣ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 40
የቀረው፦ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6.25፣ 3.125

እስቲ እነዚህን ሁለት መስመሮች ደግማችሁ ተመልከቷቸው። የላይኛው በየእርምጃው 8 ይጨምራል፤ ዕቁብ ነው። የታችኛው በየእርምጃው ለ2 ይካፈላል፤ ዳቦ ነው። ጊዜው በመደመር ይራመዳል፣ መጠኑ በማካፈል ይወርዳል። የግማሽ ዕድሜ ምስጢር ሁሉ ያለው በነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ነው።

እዚህ ላይ ልጄ «በ4ኛው ቀንስ? 75 ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም። 100 እና 50 መካከል በመቀነስ ቢሆን 75 ይሆን ነበር። በማካፈል ግን ከ100 ወደ 50 በሁለት እኩል እርምጃ የሚያደርሰንን ቁጥር ነው የምንፈልገው፤ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በዚያው ቁጥር ተባዝቶ 50 የሚሰጠውን። ካልኩሌተሩን ሰጠሁትና እየሞከረ 0.7 አለ፣ ትንሽ ጨመረ፣ 0.707 ላይ ደረሰ። በ4ኛው ቀን ወደ 71 ገደማ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይወርዳል፣ እያደር ግን ይዘገያል።

ወላጆች፣ በቅንፍ ላስገባው፦ የክሬዲት ካርዳችሁ ትንሹ ክፍያ ከቀረው ዕዳ በመቶኛ የሚሰላ ከሆነ እሱም የዳቦ ተርታ ነው። ዕዳው ሲያንስ ክፍያውም ያንሳል፣ ፍርፋሪውም ከዓመት ዓመት ሳህኑ ላይ ይቆያል። ሲቻል ዕቁብ አድርጉት፤ በየወሩ እኩል ክፈሉ።

እና 14ኛው ቀንስ?

ሒሳቡን አስተካክለን ስንጨርስ ነገሩ የባሰ መሰለ። በትክክለኛው ስሌት በ14ኛው ቀን ከ100 ውስጥ ወደ 30 ይቀራል። ልጄ ፊቱ ተለወጠ። እኔም ልዋሽ አልችልም፣ ለአፍታ ደነገጥኩ። በነጋታው ሆስፒታል ደውዬ ጠየቅሁ። መልሱ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የ8 ቀኑ ስሌት አዮዲኑ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ቢቀመጥ ነው። ሰውነት ግን ሁለተኛ በር አለው። ዕጢዋ ያልወሰደችው አዮዲን አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ገደማ በሽንት ይወጣል፤ የቀረውንም ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወጣዋል። በአንዱ በር እየተጋመሰ፣ በሌላው በር ደግሞ እየወጣ ስለሚሄድ፣ በ14ኛው ቀን እኔ ውስጥ ያለው ከ30 በደንብ ያነሰ ነው። ያ «ሁለት ጊዜ ውሃ ልቀቂ» የሚለው ትእዛዝም ለካ ለዚህ ኖሯል።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ለልጄ የከበደው ነው። ዜሮን የሚጠብቅ የለም። በማካፈል የሚሄድ ተርታ ዜሮ ላይ የሚደርስበት ቀን በሒሳብ የለውም። በ80ኛው ቀን፣ ማለትም ከ10 ግማሽ ዕድሜ በኋላ፣ ከ1,024 አንድ እጅ ይቀራል፤ ከመቶ 0.1 እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚጠይቁት «መቼ ያልቃል?» ብለው ሳይሆን «አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ብትተኛ የማይጎዳት መቼ ነው?» ብለው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 14 የዚህኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ሳንቲሞቹን አምጡ

ልጆች፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። አንድ አቶም «ዛሬ ልለወጥ ወይስ ነገ?» ብሎ እንዴት ያውቃል? አያውቅም! አቶም አያረጅም። እኛ ሰዎች ዕድሜ ሲገፋ እንደክማለን፤ አዮዲን 131 ግን ትናንት የተሠራውም ሆነ የዛሬ ወር የተሠራው፣ እስካሁን ካልተለወጠ ነገ የመለወጥ ዕድሉ እኩል ነው። ያለፈውን የሚያስታውስበት ነገር የለውም።

64 የአምስት ሳንቲም ኒኬሎች ሰብስቡ። (ፔኒ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ካናዳ ፔኒ ማከፋፈል ያቆመችው በ2013 ነው፣ ማሰሮ ውስጥ ያስቀመጠ አያት ካላችሁ ጠይቁ።) ሁሉንም ትልቅ ድስት ውስጥ ከትታችሁ አንቀጥቅጡና ጠረጴዛ ላይ ድፉት። የሰው ፊት ወደ ላይ ያሳየው ሁሉ «ተለውጧል»፣ አውጡት። ቢቨር ያሳየው ይቀራል። የቀሩትን ቁጠሩና ጻፉ። እንደገና አንቀጥቅጡ።

በሒሳቡ ከሆነ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነው። እኛ ቤት 64፣ 35፣ 16፣ 9፣ 4፣ 1 ሆነና ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ሳንቲም ሦስት ዙር አልለወጥም ብላ ቆየች። ትንሿ ልጄ በር ላይ ሆና እየሳቀች «እሷ ጎበዝ ናት» አለቻት። ልብ በሉ፦ የትኛው ሳንቲም እንደሚወጣ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ ግን ግማሽ ገደማው እንደሚወጣ ከመጀመሪያው ታውቃላችሁ። እንክብሌ ውስጥ ያሉት አቶሞች ደግሞ 64 ሳይሆኑ ከቢሊዮንም በላይ ብዙ ቢሊዮን ናቸው። ሲበዙ «ገደማው» ይጠፋና ግማሹ በትክክል ግማሽ ይሆናል።

ይህን ያወቀው ማን ነው?

ከቶሮንቶ በባቡር አምስት ሰዓት ያህል የሚያስኬደው ሞንትሪያል ውስጥ ነው የተገኘው። በ1898 አርነስት ራዘርፎርድ የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጣ። እሱም እንደኛ መጤ ነው፤ የኒውዚላንድ ገበሬ ልጅ። በ1900 ቶሪየም ከሚባል ብረት የሚወጣ አንድ ጋዝ ጨረሩ በየአንድ ደቂቃ ገደማ እየተጋመሰ እንደሚሄድ ለክቶ ጻፈ። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት የዛሬው ግማሽ ዕድሜ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከፍሬደሪክ ሶዲ ጋር ሆኖ፣ አቶም የማይለወጥ ነገር ሳይሆን ወደ ሌላ ዓይነት አቶም የሚለወጥ መሆኑን አስረዱ። በ1908 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ።

ማክጊል ውስጥ የመጀመሪያዋ የድኅረ ምረቃ ተማሪው ደግሞ የዚሁ የኦንታሪዮ ልጅ ነበረች፦ ሃሪየት ብሩክስ፣ በ1876 ኤክሰተር በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደች። ከራዲየም የሚወጣው ነገር ከባድ ጋዝ መሆኑን ከራዘርፎርድ ጋር አሳየች። በኋላ ኒውዮርክ በአንድ የሴቶች ኮሌጅ ስታስተምር ላገባ ነው ስትል ሥራሽን ልቀቂ ተባለች። ሴት ልጆች ያሏችሁ ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ ራዘርፎርድን ሁሉ ሰው ያውቀዋል።

ያቺ እሁድ ጠዋት

በ2020 ጃንዋሪ 12፣ ጥር 3 ቀን 2012 መሆኑ ነው፣ እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት የኦንታሪዮ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ፒከሪንግ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ተፈጥሯል የሚል መልእክት ነበር። ፒከሪንግ ከስካርቦሮ ቀጥሎ ነው። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቶ ሌላ መልእክት መጣ፤ የመጀመሪያው በስሕተት የተላከ ነው፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም የሚል። ሆኖም በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የአዮዲን ክኒን አዘዙ።

ያ ክኒን ምን ይሠራል? አሁን ገብቷችኋል። ከኒውክሌር አደጋ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ያው እኔ የዋጥኩት አዮዲን 131 ነው። ታይሮይድ መልካሙንና መጥፎውን አዮዲን አትለይም። አስቀድማችሁ በመልካሙ አዮዲን ካጠገባችኋት ለመጥፎው ቦታ የላትም። ከጣቢያው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ክኒኑ ቤታቸው ድረስ ይላካል፤ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለን ደግሞ በነፃ ማዘዝ እንችላለን። ቶሮንቶ አብዛኛው በዚህ ውስጥ ነው። በጣም የሚያስፈልገው ለልጆች ነው፣ የእነሱ ዕጢ ለጨረር ይበልጥ ስስ ስለሆነ። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። የጤና ባለሥልጣናት «አሁን ውሰዱ» ሳይሉ አይዋጥም። ክኒኑ ከአዮዲን በቀር ከሌላ ጨረር አያድንም። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሌላው ጨረር ለምን ይለያል? በቼርኖቤል አደጋ ሚያዝያ 1978፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 1986፣ አዮዲን 131ም ሲዚየም 137 የሚባል ነገርም ወጣ። የአዮዲኑ ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ስለሆነ የዚያ ዓመት ክረምት ሳያልቅ ሊለካ የማይችል ሆነ፤ ጉዳቱ ግን ልጆች ከላሞች ወተት በጠጡባቸው በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ደርሷል። የሲዚየሙ ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነው። እንደ ፍሪጃችን ወረቀት ብንጽፈው፦ 1986 ላይ ሙሉ፣ 2016 ላይ ግማሽ፣ 2046 ላይ ሩብ፣ 2076 ላይ ስምንተኛ። ይህን ሳሳየው ልጄ ዕድሜውን ማስላት ጀመረ። ሩቡ ሲሆን እሱ ትልቅ ሰው ነው።

ከኦንታሪዮ እስከ ጥቁር አንበሳ

አሁን ለእኔ ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። ኮባልት 60 ይባላል፤ ካንሰርን በጨረር ለማከም ያገለግላል፣ ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። በዓለም የመጀመሪያው የኮባልት ሕክምና የተሰጠው እዚሁ ኦንታሪዮ፣ ለንደን ከተማ፣ በ1951 ኦክቶበር 27 ነው፤ ኮባልቱ የተሠራው ቾክ ሪቨር በሚገኘው የካናዳ ሪአክተር ነበር። በዚያው ዓመት ሳስካቱን ውስጥ የራሱን መሣሪያ የሠራው ሃሮልድ ጆንስ በኋላ ወደ ቶሮንቶ መጥቶ በፕሪንሰስ ማርጋሬት ሆስፒታል ሠርቷል። ኦንታሪዮ እስከ ዛሬ ከዓለም ዋና የኮባልት አምራቾች አንዷ ናት።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። የሚሠራውም በኮባልት መሣሪያ ነበር። ከመቀሌም ከጅማም ከሐረርም ሕመምተኛ የሚመጣው እዚያ ነው። ወረፋው በወራት የሚቆጠር ነበር። አክስቱን ወይም እናቱን ይዞ የጠበቀ ሰው ከአንባቢያን መካከል እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ለወረፋው ዋናው ምክንያት መሣሪያው ማነሱ ነው። ግን ከጀርባው ዳቦው አለ። ኮባልቱ ሲጋመስ ጨረሩ ይጋመሳል፤ ያንኑ መጠን ለመስጠት ሕመምተኛው እጥፍ ጊዜ መሣሪያው ሥር መተኛት አለበት። እስቲ በምሳሌ እናስላው። አዲስ ኮባልት ሲገባ አንድ ሰው 2 ደቂቃ ጨረር ይበቃዋል እንበል። አስተኝቶ፣ ለክቶ፣ አስተካክሎ ለማዘጋጀት 8 ደቂቃ ይፈጃል፤ በድምሩ 10። በ8 ሰዓት ሥራ 48 ሰው ይታከማል። ከ5 ዓመት ከምናምን በኋላ ጨረሩ 4 ደቂቃ ይሆናል፣ ድምሩ 12፤ 40 ሰው። ከ10 ዓመት ተኩል በኋላ 8 ደቂቃ፣ ድምሩ 16፤ 30 ሰው። ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ ኮባልቱ ካልተቀየረ 16 ደቂቃ፣ ድምሩ 24፤ 20 ሰው። ማንም አልሰነፈም፣ መሣሪያው አልተበላሸም፣ ባለሙያውም ያው ነው። ግን በመጀመሪያው ዓመት በቀን ይታከሙ ከነበሩት 28ቱ በር ላይ ቀሩ።

ኮባልቱን በየጊዜው መቀየር ያስፈልጋል። መቀየር ደግሞ የውጭ ምንዛሬ፣ ልዩ መጓጓዣና ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ በአገር ቤት ኮባልት የማያስፈልጋቸው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች መግባት ጀምረዋል፤ እነሱ አይጋመሱም፣ መብራት ግን ይፈልጋሉ። ይህን ጉዳይ ሳስብ ሒሳብን ደረቅ ትምህርት የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል።

ብራናውና ድንቅነሽ

ልጄ በነገሩ ስለተያዘ ወደ ኋላም ሄድን። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ሁለት ጥንታዊ የብራና ወንጌሎች አሉ። ቀድሞ ብዙ ምሁራን በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፉ ይመስሏቸው ነበር። ከብራናው የተወሰደ ቁራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን 14 ሲመረመር ግን ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ። በዓለም ካሉት ሥዕል ያላቸው የወንጌል መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ናቸው።

ካርቦን 14 በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ አለ፤ ፍየሏ ከሞተች በኋላ ግን አዲስ ስለማይገባ ብራናው ውስጥ ያለው በየ5,730 ዓመቱ ይጋመሳል። 1,500 ዓመት በሞላው ብራና ውስጥ ከመቶ ወደ 83 ይቀራል። አሁን የልጄን የመጀመሪያ ሒሳብ፣ የብድሩን፣ እንሞክርበት። በመቀነስ ቢሆን ከመቶ 17 ገደማ የጎደለው ብራና 1,900 ዓመት ሆኖታል ይለናል። 400 ዓመት ስሕተት! ወንጌሎቹ ራሳቸው ከተጻፉ ብዙም ሳይቆይ ብራናው ኢትዮጵያ ደረሰ ማለት ነው።

ለድንቅነሽ ካርቦን አይሠራም። በ1974 አፋር፣ ሃዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ካርቦኑ ከ550 ጊዜ በላይ ተጋምሷል፣ የሚቆጠር ፍርፋሪ የለም። ስለዚህ የተለካው በዙሪያዋ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜው አንድ ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዓመት ነው። በ3.2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከሺህ ሁለት እንኳ ሳይሞላ ነው የተለወጠው፤ ከተለወጠው ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ሆኖ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሳይንቲስቶች ያንን ይቆጥራሉ። ለሰዓት የሚሆነውን ነገር የሚመርጡት እንደ ሥራው ነው፤ ለእንቁላል ቅቅል የቀን መቁጠሪያ አይታይም።

በ14ኛው ቀን ማታ ትንሿ ትራሷን ይዛ መጣች። መብራቱን ሳላጠፋ ተኛች፣ እግሯን ሆዴ ላይ ጥላ። ትልቁ በበሩ አለፍ ሲል ቆመና «አሁን ከሃያ በታች ነሽ መሰለኝ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ፍሪጁ ላይ ሳየው 16ቱ ሳጥኖች ወደ 80 አድገዋል፤ ርዕሱ ላይ «ዜሮ» የሚለው ተሰርዞ «እማዬ ትንሽ» ሆኗል።